በቅሎ መራጩ ብስክሌት ሊመርጡ ሄዱ

ጋሽ ጌጡ በቅሎ መምረጥ ከተዉ አስራ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል። የቀየት ገበያ በቆመ ቁጥር ግን ከከብት ተራ አይቀሩም። አጥሩ ጥግ በትራቸውን ተደግፈው ይቆሙና የመጣችውን በቅሎ ሁሉ ከሰኮናዋ እስከ ጆሮዋ በዓይናቸው ይበረብሯታል። አፋቸውን ግን አይከፍቱም። «ጋሽ ጌጡ፣ ይቺ እንዴት ናት?» ብሎ ለጠየቃቸው ሁሉ መልሳቸው አንድ ነው።

«በቅሎ ናት» ይላሉ።

ድሮ እንዲህ አልነበሩም። ከራቤል ድረስ መልክተኛ እየላኩ የሚያስመርጧቸው ሰዎች ነበሩ። የበቅሎዋን ከንፈር ገልበው ጥርሷን ያያሉ። ውኃ ስትጠጣ አጠገቧ ይቆማሉ። ኮርቻ ካስጫኑ በኋላ ሁለት ጣታቸውን ከስሩ ሰደው፣ አልገባ ካላቸው «ይሄ ጀርባ ይልጣል፤ አውርዱት!» ይላሉ። ከሁሉም በላይ የሚወዱት ሰጋር በቅሎ ነው፤ የጋላቢዋን ወገብ ሳትነቀንቅ እንደ ውኃ የምትፈሰውን። «የማትሰግር በቅሎ አህያ ናት፤ ጆሮዋ ብቻ ነው ያጠረ» እያሉ ይቀልዱ ነበር።

ዝምታቸው የመጣው በገዛ ወንድማቸው ነው። ለታናሻቸው ለሀዲስ አንዲት ዳማ ሰጋር መረጡለት። እንደሷ ያለች በቅሎ በዕድሜያቸው አላዩም። ያቺው በቅሎ በስድስተኛው ወር ቁልቁለት አፋፍ ላይ ደንብራ አሽቀንጥራ ጣለችው። የሀዲስ ጭን ተሰበረ፤ ወጌሻ ጠገነው፤ ግን ጠሞ ገጠመ። ከዚያ ወዲህ ሀዲስ እርፍ አልጨበጠም። የሸማኔ ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጦ በአንድ ደህና እግሩ መርገጫውን እየረገጠ የበግ ፀጉር ባና ሲሠራ ይውላል። ወንድሙን አንድም ቀን ወቅሶ አያውቅም። ጋሽ ጌጡን የሚከነክናቸውም ይሄው አለመውቀሱ ነው። ቢሰድባቸው ይሻላቸው ነበር።

ባለፈው ጥቅምት አንድ ጠዋት ታዲያ ሀዲስ እያነከሰ ወንድሙ ደጅ መጣ። ከኋላው ልጁ ሸዋረግ አለች። ሸዋረግ ኮሌጅ ተምራ የእንስሳት ጤና ባለሙያ የሆነች፣ የበግ ክትባት በትከሻዋ ተሸክማ እስከ ጓሳ ጠርዝ ድረስ የምትሄድ ልጅ ናት።

«ወንድም ጋሼ» አለ ሀዲስ ገና ሳይቀመጥ፣ «ለዚች ልጅ አንድ ነገር ይምረጡላት።»

የጋሽ ጌጡ ፊት ጠቆረ። «መምረጥ ትቻለሁ። ታውቃለህ።»

«የተዉት በቅሎ መምረጥ ነው። ይሄ በቅሎ አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«ብስክሌት።»

ጋሽ ጌጡ ሳቁ። አባትና ልጅ ግን አልሳቁም፤ ስለዚህ እሳቸውም ሳቃቸውን መልሰው ዋጡ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ክትባቱ የሚሄደው በረዶ በታጨቀበት ሳጥን ነው። በረዶው ከቀለጠ መድኃኒቱ ውኃ ነው፤ ለበግ ቢወጉት አይጠቅምም። ጓሳ ጠርዝ ላሉት መንደሮች በእግር ግማሽ ቀን ይፈጃል። የመሥሪያ ቤቱ ሞተር ብስክሌት ዕቃ ጎድሎት ከቆመ ሁለት ክረምት አልፎታል። ባለፈው ወር ሸዋረግ ስትደርስ በረዶው ቀልጦ፣ ከጠዋት ጀምረው በጋቸውን በረት አጉረው ሲጠብቋት የዋሉ ሰዎች ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። አንዲት አሮጊት «ልጄ፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም» ቢሏት ይባስ አለቀሰች። በቅሎ እንዳትገዛ በተከራየችው አንድ ክፍል ማሰሪያ የለም፤ ቢኖርም አባቷ የበቅሎ ስም ሲነሳ አይወድም። ዕቁቧ ሲደርሳት ብስክሌት ልግዛ አለች። ኮሌጅ እያለች መንዳት ተምራለች።

«እኔ ደግሞ» አለ ሀዲስ፣ «ከርስዎ ዓይን በቀር የማንንም አላምንም አልኋት።»

ጋሽ ጌጡ ይሄን ሲሰሙ መሬት መሬት አዩ። ይሄ ሰው ጭኑን ማን እንዳሰበረው ረስቷል ማለት ነው? እምቢ ለማለት አፋቸውን ከፈቱ። ነገር ግን ሰው ከጠባዩ አያመልጥምና የወጣው ሌላ ነገር ነበር።

«ውኃ ይጠጣል?»

«አይጠጣም፣ ጋሼ» አለች ሸዋረግ።

«ሲደክመውስ በምን ይታወቃል?»

«እሱ አይደክመውም። እኔ ነኝ የምደክመው።»

ጋሽ ጌጡ ይቺን ቃል ይዘው ቀሩ። የተጫነው ሳይደክም የተቀመጠችበት የምትደክም፣ ይሄ ምን ዓይነት ግልቢያ ነው? ቀኑን ሙሉ በጋቸውን ሲጠብቁ ይሄንኑ አወጡ አወረዱ። በማግስቱ ጋቢያቸውን ደርበው አውቶቡሱ መነሻ ላይ ከሷ ቀድመው ተገኙ።

ደብረ ብርሃን የቴዎፍሎስ ሱቅ ደረሱ። ቴዎፍሎስ በወጣትነቱ በብስክሌት ይወዳደር የነበረ፣ አሁን ከውጭ የሚመጡ ያገለገሉ ብስክሌቶችን እያደሰ የሚሸጥ ሰው ነው። ሸዋረግ የምትሄድበትን መንገድ ስትነግረው ሦስት ብስክሌት አውጥቶ አቆመላቸው። አንደኛው ጎማው ወፍራም፣ ከፊት በኩል ባለሞላ፣ ደረቱን የነፋ ነው። ሁለተኛው የውድድር ነው፤ ጎማው ጣት አያህልም። ሦስተኛው ግን ግራ የሚያጋባ ነበር። አካሉ እንደ ውድድሩ ቀጠን ያለ ሆኖ ጎማው ጥርስ አለው፤ መሪው እንደ አውራ በግ ቀንድ ወደ ታች ተጠቅልሏል።

«ይሄኛው ምን የሚሉት ነው?» አሉ ጋሽ ጌጡ።

«ለጠጠር መንገድ የተሠራ ነው፣ አባቴ። አስፋልትም ይሄዳል፣ ጭቃም ይገባል። ግማሹ የውድድር ነው፣ ግማሹ የተራራ።»

«በቅሎ ነው በለኛ!»

ቴዎፍሎስ ከልቡ ሳቀ። «አባቱን ቢጠይቁት እናቴ ፈረስ ናት ይልዎታል።»

ከዚያ በኋላ ሱቁ ውስጥ የታየውን ቴዎፍሎስ ለደንበኞቹ ሲያወራ ይኖራል። ሽማግሌው ጋቢያቸውን ለሸዋረግ አስያዙና ተንበረከኩ። ሰንሰለቱ የሚሽከረከርበትን ማርሽ በሌባ ጣታቸው እየዳበሱ ጥርሱን መቁጠር ጀመሩ። ቴዎፍሎስ ከንፈሩን ነክሶ ሳቁን ያዘ። ባለሞላው ብስክሌት ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

«ይሄ ዕድሜውን ደብቋል» አሉ። «ጥርሱ ተስሏል። የዚያኞቹ ግን ገና ደንደን ያለ ነው።»

የቴዎፍሎስ ሳቅ ጠፋ። ጎንበስ ብሎ አየ። እውነት ነው፤ የማርሹ ጥርስ በሰንሰለት ተበልቶ ሾሏል። «ይሄን እኔም አላየሁት። እቀይረዋለሁ» አለና፣ «አባቴ፣ ብስክሌት የት ነው የተማሩት?» ሲል ጠየቃቸው።

«ዛሬ» አሉ ጋሽ ጌጡ።

ቀጥለው ሁለት ጣታቸውን በጎማውና በላዩ ባለው ብረት መካከል ሰደዱ። የውድድሩ አንድ ጣትም አላስገባ አለ። «ይሄ ጭቃ ሲገባበት ይታነቃል» ብለው ጥለውት አለፉ። ሌሎቹ ሁለቱ ፈተናውን አለፉ። ቴዎፍሎስ አሁን እንደ ተማሪ ከኋላቸው ይከተል ጀመር፤ እሳቸው ይጠይቃሉ፣ እሱ ይመልሳል። ጠጠር ሲበዛ የጎማውን ንፋስ ቀነስ ማድረግ ጥሩ ነው፣ ያን ጊዜ ጎማው ድንጋዩን ተቀብሎ ያልፈዋል እንጂ አይነጥርበትም ሲላቸው በጣም ደስ አላቸው። ልጓም ላላ ማድረግ ማለት ነው፤ ይሄን ያውቁታል።

አንድ ነገር ግን እዚህ ላይ መናገር አለብኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ጋሽ ጌጡ ጥርሷ ያለቀ በቅሎ ዞረውም አያዩም ነበር። ያን ባለሞላ ብስክሌት ግን እጃቸው ሊለቀው አልቻለም። መሪውን ይዘው ጫን ሲሉት ዝቅ ይላል፣ ሲለቁት ቀስ ብሎ ይነሳል። ጫኑት፣ ለቀቁት፣ ደግመው ጫኑት። «ሰጋር» አሉ ለራሳቸው። ሸዋረግ አጠገባቸው ቆማ ይሄን ሁሉ ታያለች።

«በሉ እሺ» አሉ በመጨረሻ፣ «ሁለቱን ሦስት ቀን ለሙከራ እንወስዳለን።»

«ለምን?» አለ ቴዎፍሎስ።

«በኛ አገር በቅሎ ሳትሞከር አትገዛም። ዋስ ይጠራና ገዢው ሦስት ቀን ቤቱ ያሳድራታል። ካልተስማማችው ይመልሳል፤ ማንም በማንም አይቀየምም።»

ቴዎፍሎስ ሱቅ በዋስ እንደማይሠራ ሊያስረዳቸው ሞከረ። መቼም መንዜን በክርክር ማሸነፍ ቀላል አይደለም፤ ያውም በቅሎ ሲመርጥ የኖረ መንዜ። በመጨረሻ ለሱቁ የቅርብ ደንበኛ የሆነ ይሥሐቅ የሚባል የቀየት ልጅ፣ ደብረ ብርሃን የሚያስተምር፣ ተጠርቶ «ቢጠፉም ቢሰበሩም እኔ አለሁ» አለ። ሁለቱ ብስክሌቶች አውቶቡስ ላይ ተጭነው ቀየት ገቡ። ሰው ወጥቶ አየ። «ገብስ የማትበላ በቅሎ መጣች» ተባለ፤ «ቀንዳሙ ይዋጋል ወይ?» ተባለ። ያልተጠየቀ ምክርም እንደ አገሩ ንፋስ ከየአቅጣጫው መጣ።

የሙከራው መንገድ ሸዋረግ ዘወትር የምትሄድበት ነው። ከቀየት ሲወጣ ጠጠር ነው፤ ቀጥሎ ክረምቱ ያልለቀቀው ረግረግ አለ፤ ከዚያ ንፋስ የማያጣው ሜዳ፣ ከሜዳው በኋላ ወደ ወንዝ የሚወርድ ድንጋያማ ቁልቁለት፣ ከወንዙ ማዶ ዳገትና መንደር። ጋሽ ጌጡ በአሮጊት በቅሏቸው ቀድመው ወጥተው፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚያሳይ አንድ ጉብታ ላይ ተቀመጡ።

በመጀመሪያው ቀን በባለሞላው መጣች። ሳጥኑ ከኋላዋ ታስሯል። ጠጠሩ ላይ ምን ያማረ! አካሏ ሳይነቃነቅ ትፈሳለች። የጋሽ ጌጡ ልብ ሞቀ። ረግረጉ ላይ ግን ወፍራሙ ጎማ ጭቃውን እየጠቀለለ ከበደ፤ ወርዳ በእንጨት ፈቀፈቀችው። ሜዳው ላይ ንፋሱ ደረቷን እየመታ ወደ ኋላ ሲገፋት አዩ። ቁልቁለቱን ከላዩ ሳትወርድ ነዳችው፤ ሞላው ድንጋዩን ሁሉ ዋጠው። ዳገቱ ላይ በረገጠች ቁጥር ሞላው አብሮ ዝቅ ከፍ እያለ ጉልበቷን ይበላ ነበር፤ ቢሆንም ወጣችው። ሳጥኑ ሲከፈት በረዶው አለ።

«እንዴት ነው?» አሏት ስትመለስ።

«ጥሩ ነው፣ ጋሼ» አለች።

በሁለተኛው ቀን በቀንዳሙ መጣች። ጠጠሩ ላይ ትንሽ ተንቀጠቀጠች፤ ወገቧም እንደ ትናንቱ አላማረም። ረግረጉን ግን ቶሎ ተሻገረችው፤ ጭቃው በሁለቱ ጣት ክፍተት ሾልኮ ወደቀ። ሜዳው ላይ ስትደርስ እጇን ከላይኛው መሪ አንስታ ወደ ታች ወደ ተጠቀለለው ቀንድ አወረደች፤ ጎንበስ አለች። ንፋሱ በላይዋ አለፈ። ጋሽ ጌጡ ተቀምጠው ከነበረበት ተነሱ። ከዚያ አንድ ነገር ሰሙ። ንፋሱ ያመጣላቸው የሷን ድምፅ ነበር፤ መዝሙር ታንጎራጉራለች። ቁልቁለቱ ጋ ስትደርስ ወረደችና ብስክሌቷን እየጎተተች በእግሯ ወረደች። ይሄ አልገረማቸውም። መንዜ ቁልቁለት ላይ ከበቅሎው ወርዶ በእግሩ ይሄዳል፤ የአባት ወግ ነው። የገረማቸው ወርዳም፣ እየጎተተችም ማንጎራጎሯን አለመተዋ ነው።

«እንዴት ነው?» አሏት።

«ይሄም ጥሩ ነው፣ ጋሼ፤ በረዶውም አልቀለጠም» አለች። ቀጥላም፣ «የቱን ልውሰድ?» አለቻቸው።

«አንቺስ ምን ትያለሽ?»

«እርስዎ የመረጡልኝን። እርስዎ ካሉ አለቀ።»

ጋሽ ጌጡ ባለሞላውን ሊሉ ነበር። ቃሉ ምላሳቸው ጫፍ ላይ ደርሷል። ነገር ግን «እርስዎ ካሉ አለቀ» የሚለውን የት እንደሰሙት ትዝ አላቸውና «ነገ እንነጋገር» አሏት። ከአስራ አንድ ዓመት በፊት ሀዲስ ከዳማዋ በቅሎ ፊት ቆሞ ያለው ቃል ነው፤ አንዲት ፊደል አልተጨመረባትም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ወደ ሀዲስ ቤት ሄዱ። ሀዲስ ጉድጓዱ ውስጥ ሆኖ እየሠራ ነበር። ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳይጨርሱ ጠየቁት።

«ያቺን ዳማ ወደሃት ነበር?»

መወርወሪያው ሀዲስ እጅ ላይ ቆመ።

«እፈራት ነበር» አለ። «ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ። ፈጣን ናት፤ እኔ ደግሞ ቀስ ማለት የምወድ ሰው ነኝ።»

«ሦስት ቀን ሙከራ ነበረህ እኮ! ለምን አልመለስሃትም?»

«ሙከራ ለገዢና ለሻጭ ነው እንጂ፣ ወንድም ጋሼ። የታላቅ ወንድም ምርጫ በየት በኩል ይመለሳል?»

ጋሽ ጌጡ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቁጭ አሉ። እንባቸው መጣ፤ አልደበቁትም። «በአሮጌዋ በቅሎህ ሳለህ» አሉ፣ «ስትመጣ ከወንዝ ማዶ ድምፅህን እሰማ ነበር። ታንጎራጉር ነበር። በዳማዋ አንድም ቀን ሰምቼህ አላውቅም። ዝም ማለትህን ሰምቻለሁ እኮ፣ ሀዲስ። ኩራት ነው ብዬ ነው። ጥርሷን፣ ሰኮናዋን፣ ጀርባዋን አየሁ፤ አንተን አላየሁም። በቅሎዋን ለራሴ ነው የመረጥኋት።»

ሀዲስ እጁን ዘርግቶ የወንድሙን ጉልበት ያዘ። አስራ አንድ ዓመት ሁለቱም ይሄን ነገር ዞረውት ሲያልፉ ኖረዋል፤ አሁን ሲናገሩት ያን ያህል አልከበደም። «እኔም ዋሽቻለሁ» አለ። «ጥሩ ናት እያልሁ።»

ጋሽ ጌጡ በቀጥታ ወደ ሸዋረግ መሥሪያ ቤት ሄዱ። ሁለቱ ብስክሌቶች ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል።

«እኔ አልመርጥልሽም» አሏት።

ሸዋረግ ደነገጠች። «ጋሼ፣ ተቀየሙኝ?»

«አልተቀየምሁም። አንቺ ምረጪ። እኔ የልቤን የምነግርሽ አንቺ ከመረጥሽ በኋላ ነው።»

ሸዋረግ አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ ብስክሌቶቹን አየች። ባለሞላውን እንዴት እንዳሻሹት አልረሳችም። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ይቅርታ እንደምትጠይቅ ሰው፣ «ቀንዳሙን ብወስድ ደስ ይለኛል» አለች። «ቁልቁለቱን ባልነዳውም። ንፋሱ ውስጥ ስገባ የምይዝበት አለኝ። ያኛው ላይ ግን ለስላሳ ሆኖ፣ ምን እንደሆነ እንጃ፣ የሚወስደኝ እሱ ይመስለኛል። እፈራለሁ።»

«እኔ ያኛውን ነበር የምልሽ» አሉ ጋሽ ጌጡ።

የሸዋረግ ፊት ተለወጠ። «እንግዲያው...»

«እንግዲያው የለም! ተሳስቼ ነበር። ትናንት ሜዳው ላይ ስታንጎራጉሪ ሰምቼሻለሁ፤ ከዚያ በላይ ምን ምስክር አለ? ፈረሰኛ ሲፈራ አይዘፍንም።» ከዚያ ባለሞላውን ለመጨረሻ ጊዜ ጫን አድርገው ለቀቁትና፣ «ምን ያማረ ነበር!» ብለው ሳቁ። እሷም ሳቀች። ባለሞላው በማግስቱ በአውቶቡስ ወደ ቴዎፍሎስ ተመለሰ፤ እንደ ወጉም ማንም በማንም አልተቀየመም።

በቀጣዩ ገበያ ጋሽ ጌጡ እንደ ልማዳቸው አጥሩ ጥግ ቆመው ነበር። አንድ ጎልማሳ ከራቤል በኩል የመጣ፣ ስማቸውን ድሮ ከአባቱ የሰማ፣ አንዲት ግራጫ በቅሎ እየሳበ መጣ።

«ጋሽ ጌጡ፣ ለአባቴ ልገዛላቸው ነው። ይቺ እንዴት ናት?»

በዙሪያው ያሉት ሰዎች መልሱን ስለሚያውቁት ሊስቁ ተዘጋጁ። ጋሽ ጌጡ በትራቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። በቅሎዋን ግን አላዩም።

«አባትህ የት ናቸው?» አሉት። «መጀመሪያ እሳቸውን አምጣልኝ።»